የት ልንቀብርሽ ነው?

ከዌልስ የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። መቼስ እዚያ ሀገር ዝናብ ያልነበረበትን ምሽት ብነግራችሁ ይሻል ነበር። ማኅበርተኞቼ፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና አንድ የረጠበ ውሻ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ክብ ሠርተው ወደ አራቱ ማዕዘን እየዞሩ «በሰሜን ሰላም ይሁን፣ በደቡብ ሰላም ይሁን» ሲሉልኝ ሹፌሩ ዝም ብሎ ጠበቀን። አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየንም። ሀገር ቤት ልግባ እያላችሁ ሻንጣ የምታስተካክሉ ወገኖቼ፣ ይቺን «ዞር ብሎ አላየንም» የምትለዋን ያዙልኝ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ የናፈቀችኝ እሷ ናት።

ነገሩን ላስረዳ። ሀዋሳ ተወልጄ፣ ጴንጤ ቤት አድጌ፣ ዌልስ ሄጄ አረጋውያን ስንከባከብ ኖርኩ። ከምንከባከባቸው አንዷ አሮጊት ድሩይድ ነበሩ። ድሩይዶች ክርስትና ሳይገባ በፊት የነበረውን የዚያን ሀገር እምነት እንደገና የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ዛፍን፣ ውሃን፣ ወቅትን ያከብራሉ። ደም አያፈሱም፣ ማንንም አይረግሙም። አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር ዛፋቸው ሥር ስወስድ፣ ስመልስ፣ እኔም ገባሁበት። ደብቄውም አላውቅም። እዚያ ብትነግሯቸው ባራ ብሪዝ የሚሉትን የዘቢብ ዳቦ እየቆረሱላችሁ «በጣም ደስ ይላል» ይሉና ወዲያው ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

የተመለስኩት የእማዬ ጉልበት ስለደከመ ነው። የምትኖረው ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቡሹሎ፣ ከወንድሜ ከታሪኩ ጋር ነው። እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አባዬ መቃብር ወስዳ ማሳየት ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው መቃብር ነው። አጠገቡ ያለውን ሣር በከዘራዋ መታ መታ አድርጋ፣ «ይቺ የእኔ ናት፤ ማንም እንዳይነካት ብያለሁ» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትናገረው፣ ቤት እንደገዛ ሰው።

ታሪኩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። «ጴንጤ ነኝ በይ፣ አለቀ። ሆድሽን ከፍቶ የሚያይ የለም» አለኝ።

«አልዋሽም» አልኩት።

«እንግዲያው እዚህ ቤት አታድሪም።»

እማዬ አለቀሰች፤ እኔ ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጫንኩ። እስቲ አሁን ውሸት ኃጢአት ነው ብሎ የሚያስተምረው ማን ነው? እሱ አይደለም እንዴ?

ከዚያ ቤት ፍለጋ። ዱካሌ የሚባል ደላላ መሃል ከተማን ሲያዞረኝ ሰነበተ። አከራዩ ሁሉ ውሃ አለ የለም ሳይል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሃይማኖቴን ነው። መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ደረስን፤ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፣ የጎንደር ሰው ናቸው።

«ኦርቶዶክስ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እትዬ።»

«ጴንጤ ነሻ።»

«እሱንም አይደለሁም።»

«እስላም ነሽ? ችግር የለውም፣ የበፊቷ ተከራዬም እስላም ነበረች፣ ወርቅ የሆነች ልጅ።»

«አይደለሁም። ድሩይድ ነኝ።»

«እሱ ደግሞ የየትኛው ሀገር ጴንጤ ነው?»

ዱካሌ ክንዴን ጎተተኝ። «እህቴ፣ በናትሽ፣ የሆነ ነገር በያቸውና ቤቱን እንያዝ!» እኔ ግን አስረዳኋቸው። «አበስኩ ገበርኩ!» አሉና አማተቡ። «ዛፍ ታመልኪያለሽ?» አላመልክም፣ አከብራለሁ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ግቢ ውስጥ አቮካዶ አለኝ፤ እሱን እንዳትነኪብኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ወደ አራቱ ማዕዘን እየዞርኩ ሰላም መጥራት ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ በጣም አዝነውልኝ «ልጄ፣ ቂብላው በዚያ በኩል ነው» አሉኝ። ሌላው ቆሞ ቪዲዮ ቀረጸኝ። ሲሰለቸኝ እዚያው ግቢ ውስጥ አደረግኩት። ወይዘሮ አስካለ በመስኮት አይተው «ምን እያልሽ ነው?» አሉኝ። በአራቱም አቅጣጫ ሰላም እንዲሆን ነው አልኳቸው። እህታቸው እዚያ ጎንደር ናት፤ ተኩስ ተነስቶ ስልክ ሲቋረጥ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቆይተው «ሰሜኑን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። በክፍሌ በር ላይ ጸበል መርጨታቸውን ግን አልተዉም።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ዕድር ግቢ አለችኝ። «ዕድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን ያነሳዋል? ይሄን ሳላይ አልሙት» ስትለኝ ምን ልበላት? የተከራየሁበት ሰፈር ዕድር ዳኛ ጋሽ ማቴዎስ ጋ ሄድኩ።

«ቤተ ክርስቲያንሽ የት ነው?»

«የለኝም፣ ጋሼ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኛ እምነትሽ ውስጥ አንገባም። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እናለቅሳለን። አልቅሰን ስናበቃ ግን ሬሳውን ይዘን ወዴት ነው የምንሄደው? የት ልንቀብርሽ ነው?»

«ዛፍ ሥር።»

«የማን ዛፍ?»

«ኧረ ገና አልሞትኩም እኮ!»

«እሱን ሁሉም ይላል። መቀበሪያ ይዘሽ ነይ፣ እንመዘግብሻለን።»

ወይ ጣጣ! በሰው ሀገር ለመኖሪያ ፈቃድ ያየሁት አበሳ ሳያንስ፣ በገዛ ሀገሬ ደግሞ የመቀበሪያ ፈቃድ! ማታ ስደውል ለእማዬ እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ያለፈው እሁድ እሷው ደወለች።

«ምሕረት፣ የዕድሩን ነገር ጨርሼዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እዚህ ጓሮ የአባቴ ሾላ አለ አይደል? መሬቱ የእኔ ነው። እዚያ ትቀበሪያለሽ። ለማቴዎስም አስነግሬዋለሁ።»

በደስታ ልጮህ ነበር። «ታሪኩስ?» አልኳት።

«ጮኸ። ጮሆ ሲያበቃ የእኔንም እዚያው አድርጉልኝ አልኩት።»

«እማዬ! አብደሻል እንዴ? አባዬ አጠገብ ያለው ቦታሽስ?»

«ለሌላ ሰው ይስጡት ብያለሁ።»

ከኋላዋ ታሪኩ «ስልኩን ስጪኝ! ይኸው ያመጣችው ጉድ!» እያለ ይጮሃል። ያን ያህል ዓመት በመዝሙር የኖረች ሴት፣ ምእመኑ ሁሉ ከሚያርፍበት ወጥታ፣ ባሏን ትታ፣ ጓሮ! አናደደችኝ፤ አንጀቴንም በላችው። በቃ ጴንጤ ነኝ እላለሁ፣ ተይው ልላት አሰብኩ፤ መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

«አባትሽ በግራም በቀኝም ጎረቤት አለው» አለችኝ። «አንቺ ማን አለሽ?»

ጋሽ ማቴዎስ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ነይ ተመዝገቢ ይሉኛል፤ ጓሮው ከተጻፈ ግን የእማዬም ቦታ እዚያው ሊቀር ነው፤ እስካሁን አልሄድኩም።