የጋሼ ታደሰ ቀጭን ክር

«ጋሼ፣ ድምፁ አሁን እኮ አይቆራረጥም» አልኳቸው ዛሬ ጠዋት።

«ይቆራረጣል እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ሱቄ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

ጋሼ ታደሰ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በየሠርጉ ጊታር ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። አምፕሊፋየራቸውን በባጃጅ ጭነው እኔ ጥገና ቤት መጡና «ድምፁ እየጠፋ ሰው ፊት አዋረደኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። የጊታሩ ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ ስነካካው ግን ተንጫጫ። ፈትቼ ሳየው የመሰኪያው እግር ከቦርዱ ለቋል። በመበየጃ ካውያ በየድኩት። (በእኛ አገር ሙቀት ካውያ መያዝ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።) ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

እሳቸው ግን የጊታሩ ቀጭኗ ክር ላይ በደረሱ ቁጥር «ይኸው ጠፋ!» ይላሉ። እኛ እየሰማናት።

በመጨረሻ ወደ ጎረቤቴ ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ዞሩ። «ሰዓዳ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል» አለች አንገቷን ደፍታ።

ጆሯቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ ለጥፈው ያችኑ ክር ደጋግመው መቱ። ከዚያ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ በየሠርጉ ስሳሳት ሰው እየሰማ ዝም ብሎኝ ነው?» አሉ።

«ደብረ ብርሃን የጆሮ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ» አልኳቸው ቀስ ብዬ። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ጓደኞቼ፣ እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ለምታከብሩት ሰው ነግራችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ ጀመራችሁ?