ለፖስታ የሚጨመሩት ሦስት ቀናት

ኦፓል ሪድነር በብሪግስ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ የመዝገብ ቤቱ ሁለተኛ መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ከተማው ሁሉ ያውቃታል፣ ትንሽም ይፈራታል። በሠርጓ ቀን ፓስተሩ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ሳታገባ ትቀር ነበር እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ ጊዜ ኸርሼል ቦወን የሚባለው የካውንቲው ሀብታም ጠበቃ ከአሥራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ አሳልፎ እያለከለከ ቢደርስ መስኮቱን ዘግታበታለች። ሰውዬው ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ በአባቱም በአያቱም ስም፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው በሚቀመጡበት አግዳሚ ሳይቀር ለመናት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ካፖርቷን ደረበች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ከክፋት አልነበረም። ልጅ እያለች ሸሪፉ በአባቷ ላይ ቂም ይዞ፣ ያለ መያዣ ትእዛዝ ከድንጋይ ካባው ጎትቶ ወስዶ አስሮት ነበር። በማግስቱ ሸሪፉ ወደዚሁ መዝገብ ቤት መጣና፣ አንሰል የሚባሉትን ሽማግሌ ሠራተኛ፣ በመያዣ ትእዛዝ ላይ የትናንትናውን ቀን ጻፉልኝ አላቸው። አንሰል እንቢ አሉ። ሸሪፉ ጠረጴዛቸውን ቢደበድብም ቀኑ ዛሬ ነው ብለው ድርቅ አሉ። አባቷ በዚያ ሳምንት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኦፓል በዚህ ከተማ የማን ልጅ ነህ ብሎ የማይጠይቅ አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እሱም ሥነ ሥርዓት ነው ብላ ታምናለች። የድሃ ወረቀትም የሀብታም ወረቀትም በአንድ ማኅተም ይመታል፣ ቀኑም አይዋሽም። የማኅተሙን ማሽን ቀን የምታስተካክልበትን ትንሽ ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ነበር የምትኖረው።

ዴላ ፕሩየት ደግሞ በዶሮ ፋብሪካው ክንፍ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ልጇ ኩዊን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ገድለሃል ተብሎ፣ እስኪሞት ድረስ እንዳይወጣ ተፈርዶበታል። አየሁ ያለበት ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያም ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ካንሰር ሲጨርሰው፣ አላየሁም፣ በሉ ያሉኝን ነው ያልኩት ብሎ በመሐላ ጽፎ ሞተ። ኩዊን ወረቀቱን ይዞ ፍርድ ቤቱን ቢጠይቅ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ውድቅ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ቀድሞ ወደነበረበት እስር ቤት ስለተላከ እጁ የገባው ይግባኝ መጠየቂያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ዳኛ ኤምብሪ ይህን ሲሰሙ አዘኑና የይግባኙን በር እንደገና ከፈቱለት። ከላይ ያሉት ዳኞች የሟቹን ምስክር ቃል የሚያዩት በዚያ በር ከገባ ብቻ ነው። ሌላ በር የለም።

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዳኛው ኦፓልን ጠርተው፣ አሥራ አራት ቀን ሰጥቼዋለሁ፣ ቀኑን አስልተሽ ትእዛዙን ጻፊው አሏት። ዳኛ ኤምብሪ ቀን መቁጠር ከተዉ ዓመታት አልፈዋል፤ ኦፓል እያለች ለምን ይቆጥራሉ? እሷም እጇ እንደለመደው አሥራ አራቱን ቆጠረች። ትእዛዙ ወደ እስር ቤት በፖስታ ስለሚሄድ ለመንገዱ ሦስት ቀን ጨመረችበት። በዚያ መስኮት በፖስታ የሄደ ወረቀት ሁሉ ሦስት ቀን ይጨመርለታል፤ ከአንሰል የተማረችው ነው፣ ሳታስበው ሺህ ጊዜ ያደረገችው ነው። «እስከ ፌብሩዋሪ 27» ብላ ተየበች፤ ዳኛው ፈረሙ። ለዚህ ዓይነቱ ይግባኝ ግን የፖስታ ሦስት ቀን የሚባል ነገር የለም። ሕጉ አሥራ አራት ብሎ ዘግቶታል።

ፌብሩዋሪ 24፣ አሥራ አራተኛው ቀን ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ዴላ መጣች። ከፋብሪካው በቀጥታ ስለመጣች የጎማ ቦቲዋን እንኳ አላወለቀችም። የልጇን የይግባኝ ወረቀት በምሳ መያዣ ከረጢቷ አጣጥፋ ይዛዋለች። ኦፓል ገጽ በገጽ ገለበጠችና መጨረሻው ላይ ቆመች።

«ፊርማ የለውም። ልጅዎ ራሱ መፈረም አለበት።»

«እኔ ብፈርምለትስ? እናቱ እኮ ነኝ።»

«አይሆንም።»

ዴላ ሰዓቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች። እስር ቤቱ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ነገ ፈረቃ ስለሌላት ሄዳ ልታስፈርመው ትችላለች። ግን ፈርታለች። «ዳኛው የሰጡት ወረቀት እስከ አርብ ይላል» አለች። «እውነት እስከ አርብ ነው? ወይስ ዛሬ እንዲሁ ይቀበሉኝና ፊርማውን በኋላ ላምጣ?»

ከመስኮቱ በላይ ሠራተኞች የሕግ ምክር አይሰጡም የሚል ሰሌዳ አለ። ኦፓል ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ለሚጠይቃት ሁሉ በጣቷ ያንን ሰሌዳ ነው የምታሳየው። በዚያን ቀን ግን ዓይኗ የዴላ እጆች ላይ አረፈ። አብጠዋል፤ ጣቶቿ ቢላ እንደጨበጡ ቀርተው አይዘረጉም። አንጀቷን በሏት።

«እስከ አርብ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት ቀን አለዎት። ተረጋግተው ሄደው አስፈርመው ይምጡ።»

ዴላ ወረቀቱን ወደ ከረጢቷ መለሰች። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደ ሰው ያናገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብላት ሄደች። ኦፓል የዚያን ቀን ደስ ብሏት ነው ቤቷ የገባችው።

ረቡዕ ምክትል ዐቃቤ ሕጉ ድዋይት ላንድሪ ሳንድዊቹን እያኘከ ወደ መስኮቱ መጣና፣ በፕሩየት መዝገብ የገባ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ገና አልገባም፣ እስከ አርብ ጊዜ አለው አለችው። ላንድሪ ማኘኩን አቆመ።

«ትናንት አለቀ እኮ።»

«ትእዛዙ እስከ ሃያ ሰባት ይላል።»

«እስከ ገና ቢል ምን አገባኝ? ሕጉ አሥራ አራት ነው የሚለው፤ ዳኛ አንዲት ሰዓት እንኳ መጨመር አይችልም። እዚህ ላይ የፖስታ ቀን የለም። ይቺን ሦስት ቀን ማን ነው የጨመራት?»

ኦፓል እሱ ከሄደ በኋላ የሕጉን መጽሐፍ አውጥታ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ላንድሪ ልክ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዴላ ቀድማ የደረሰችው በሩ ሳይከፈት ነው። ፊቷ በርቷል። ሌሊቱን ስትነዳ አድራ፣ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ መኪናዋ ውስጥ ተኝታ መምጣቷን እየሳቀች ነገረቻት። ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለከችው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ኩዊን ፕሩየት የሚል ጠመም ያለ ፊርማ አለ።

«ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ነው የፈረመው» አለች ዴላ። «ሦስት ቀን አለህ ብለውሃል ስለው ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።»

የኦፓል እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ቁልፉ እዚያው ነው። የማሽኑን ጎን ከፍታ የቀኑን ጎማ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ብታዞረው፣ ወረቀቱን ብትመታ፣ መልሳ ወደ ዛሬ ብታመጣው፣ ሁሉም የሩብ ደቂቃ ሥራ ነው። ላንድሪ ገና አልገባም ብላኝ ነበር ቢል እንኳ፣ ዘንግቼ ነው ብትል ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ማን ይጠራጠራታል? ደግሞም ውሸት ነው ማለት ይቻላል? ወረቀቱ ማክሰኞ እዚህ ነበር። በእጇ ይዛው ነበር። የመለሰችው እሷ ናት።

አንሰል ትዝ አሏት። ሸሪፉ ጠረጴዛውን ሲደበድብ፣ እሳቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀኑ ዛሬ ነው ሲሉ፣ በአባቷ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ለሸሪፉ ያን ጊዜ ቀን ተዋሽቶለት ቢሆን አባቷ አይመለስም ነበር። እጇን ከአንገቷ አወረደች። ወረቀቱን ማሽኑ ሥር አስገብታ ተጫነችው። ፌብሩዋሪ 26 ብሎ መታ። ዴላ አመስግናት ወጣች።

ያን ዕለት ኦፓል ወደ ዳኛው ገብታ ስህተቱን ተናዘዘች። ዳኛ ኤምብሪ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው አሉ። ቀጥለው ግን የባሰውን ጠየቋት። ማክሰኞ ሳይፈረም ለምን አልተቀበልሽውም? ፊርማ በኋላም ይሞላል፣ ሕጉ ራሱ ተቀበሉ ነው የሚለው አሏት። ኦፓል ያልተፈረመ ወረቀት መመለስ የመስኮቷ ልማድ እንጂ ሕግ አለመሆኑን በሠላሳ አንድ ዓመቷ ያን ጊዜ ሰማች።

የሆነውን ሁሉ በመሐላ ጽፋ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላከች። የራሷን ስም፣ የራሷን ጥፋት፣ ምንም ሳታስቀር። መልሱ በጁን መጣ፣ ሦስት ገጽ። በሆነው ነገር እናዝናለን ይላል። አመልካቹ የዳኛውን ቃል አምኖ መዘግየቱን እንቀበላለን ይላል። ነገር ግን ቀኑ የሥልጣናችን ወሰን ነው፣ ካለፈ በኋላ የምናይበት ሥልጣን የለንም ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል። ስለ ሟቹ ምስክር ቃል አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ያን የተመለከተው ሰው የለም፣ ከእንግዲህም የሚመለከተው የለም። ግልባጩን በፖስታ መላክ የኦፓል ሥራ ነበር። አልላከችውም። በመኪናዋ ይዛው ሄደች።

ዴላን ያገኘቻት ከቤቷ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ነው። እጆቿን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ኦፓል ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ የፖስታውን ቀን፣ የፊርማውን ነገር፣ የረቡዑን፣ የቁልፉን።

«ሐሙስ ዕለት፣ እኔ እየሳቅሁ ስነግርሽ፣ አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ቁልፉስ?»

«አንገቴ ላይ ነበር።»

ዴላ ውሃውን ትንሽ አየችው። «ልጅ አለሽ?» አለች።

«አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ሮይስ ይባላል።»

«ወረቀቱ የሮይስ ቢሆን ታዞሪው ነበር?»

ኦፓል አላዞረውም ልትል አፏን ከፈተች። ስለ ቀን ዋሽታ አታውቅም፣ ዛሬም መዋሸት አቃታት።

«አዞረው ነበር» አለች።

ዴላ እጆቿን ከውሃው አወጣችና በቀሚሷ ጣት በጣት አደረቀቻቸው። «እንግዲያው የከለከለሽ ሕጉ አይደለም» አለች። ከዚያ ሦስቱን ገጽ ተቀበለቻት፣ ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋችው፣ ገብታም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ኦፓል በሳምንቱ ቁልፉን ለዳኛው አስረክባ ሥራዋን ለቀቀች። ኩዊን ፕሩየት ዛሬም እዚያው እስር ቤት ነው።