ዶክተር አይሆንም

ለእግር ኳስ ቡድኑ ሐኪም ተጫዋቾቹ ያወጡላቸው ስም «ዶክተር አይሆንም» ነው። አሰልጣኞቹማ ከዚህ የባሰ ነበራቸው፤ እሱን መጻፍ ነውር ነው።

ሥራ ሲጀምሩ ለተጎዳ ተጫዋች የነበረው ሕክምና አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃና «ተነሳ፣ ወንድ አይደለህ?» ብቻ ነበር። እሳቸው ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር ያለችውን የኳስ ማስቀመጫ ክፍል ለምነው ወሰዱ። አልጋ አስገቡ፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በየሳምንቱ እያዩ በደብተር ያዙ። «ለኳስ ደግሞ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል?» ብሎ የሳቀ ሁሉ ውሎ አድሮ ያችን በር አንኳኳ። ዛሬ ሐኪም ሳይፈርም የተጎዳ ተጫዋች ሜዳ አይገባም። ዘጠኝ ዓመት ተጨቃጭቀው ይህን ደንብ ያስወጡት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ከናታቸው ሆድ እንዲህ ግትር ሆነው አልወጡም። በሁለተኛው ዓመታቸው፣ በዋንጫ ጨዋታ ቀን፣ ጉልበቱ ያበጠ አጥቂ መጣ። አሰልጣኙ ለመናቸው፣ አጥቂው ለመናቸው፣ «ይሁን» አሉና ማደንዘዣ ወጉት። ሁለት ጎል አገባ። በሰባኛው ደቂቃ ጅማቱ ተበጠሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ዋንጫው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፣ አጥቂው ደግሞ እያነከሰ የስታዲየሙ ዘበኛ ሆነ። ሐኪሙ ሃያ ሦስት ዓመት በዚያ በር ሲገቡ እግሩን ሳያዩ አልፈው አያውቁም። እሱም «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር» ከማለት ሌላ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንጀታቸውን የሚበላው ይኸው ዝምታው ነበር።

ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ የሌላ ዋንጫ ጨዋታ ዋዜማ፣ ዘበኛው ወደ ክፍሏ ገባ። አሁን የቡድኑ አጥቂ የሱ ልጅ ነው፤ ጉልበቱንም ተጎድቷል።

«ልጄ ነው የላከኝ» አለ። «መርፌ ወግተው ነገን ብቻ ያጫውቱኝ ይላል።»

ሐኪሙ ጨነቃቸው። ለዓለም ሁሉ እምቢ ቢሉ፣ ለዚህ ሰው እምቢ የሚሉበት አፍ ከየት ይምጣ?

«ሁለት ወር ካረፈ ይድናል» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ከገባ ግን... አንተ ታውቀዋለህ። አይሆንም።»

ዘበኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠና የታመመ እግሩን ዘረጋ።

«ለኔስ ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«በድዬሃለሁ» አሉት፤ እንባቸው መጣ።

«ስጠላዎት ነው የኖርኩት» አለ፣ ድምፁን ሳይቀይር። «ዛሬ ግን እሺ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።» ተነሳ። «ልሂድና ልንገረው። ካኮረፈ ያኩርፍ።»

ልጁ በሦስተኛው ወር ተመልሶ እስካሁን ይሮጣል። በዋንጫው ጨዋታ ቀን ግን ቡድኑ ያለ እሱ ሦስት ለዜሮ ተሸነፈ፤ ደጋፊውም በሩ ላይ ተሰብስቦ ዶክተር አይሆንምን ሊበላቸው ደረሰ። ዘበኛው ክንዳቸውን ይዞ፣ እያነከሰ፣ ሰዉን በትከሻው እየገፋ አወጣቸው።

ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቆም አለ።

«እግርዎን ይጠብቁ፣ ዶክተር» አላቸው።