ለትልቅ ስፒከር ትንሽ አምፕ

ባለቤቴ ሐዋሳ የሄደችው ልጃችን ስትወልድ ልታርሳት ነው። ሁለት ወር ብላ የወጣች ሴት ሦስተኛ ዓመቷን ያዘች። ሐዋሳ ደግሞ እኔ ካለሁበት ከሶዶ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ጠዋት የተሳፈረ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ስደውልላት "ልጁ ጥርስ እያወጣ ነው" አለችኝ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ "መሄድ ጀምሯል፣ ዓይን ካልጣሉበት ይወድቃል" አለችኝ። እኔም ሁሌ "እሺ፣ ደህና ሁኚ" ብዬ እዘጋለሁ። ተጣልተን አናውቅም። ብንጣላ ይሻል ነበር። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ ምን ብላችሁ አስታርቁን ልበላቸው?

እኔ ከዞን መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሱሴ ሙዚቃ ነው። ሁለት ስፒከሮች አሉኝ፤ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ የወጡ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ የእንጨት ሳጥኖች፣ አናታቸው ላይ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ አፍ ያላቸው። የገጠምኩላቸው አምፕ፣ ድምፁን የሚያጎላው ማሽን ማለቴ ነው፣ ደግሞ ከሰርግ ድንኳን አከራይ የገዛሁት፣ ሺህ ዋት የሚባል ጉድ ነበር። እኛ ሰፈር ሙዚቃ የሚለካው በዋት ነው። አስፋልቱ ድረስ ካልተሰማ ስፒከር አለኝ አይባልም። ሰው ሲያገኘኝ "ስንት ዋት ነው?" ይለኛል እንጂ ምን እንደምሰማ የጠየቀኝ የለም። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ሺህ!" እላለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን "ቀንስ" ብላኝ አታውቅም። እኔ ቁልፉን ስነካ እሷ ወንፊቷን ይዛ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር ትወጣለች። "ጓሮው ነፋሻ ነው" ትለኛለች። እኔ ጅሉ ደግሞ ነፋስ ትወዳለች ብዬ አምኜ በርጩማ አሠራሁላት፣ ይታያችሁ!

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሺህ ዋቱ ጢስ ተፍቶ ዝም አለ። ተሸክሜው ገበያው አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ሄድኩ። ጠጋኙ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ፣ ንግግሩ ሁሉ ቁጣ የሚመስል ሰው ነው። አምፑን ከመክፈቱ በፊት ስለ ስፒከሮቹ ጠየቀኝ። ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ አንስቼው ነበርና አሳየሁት። በአንድ ዋት ዘጠና ስምንት ዴሲቤል ድምፅ ይሰጣል ይላል።

"አንተ ሰውዬ" አለኝ፣ "ይሄን ስፒከር ከዚህ ጋር ነው ያኖርከው?"

"ምነው?"

"ይሄ እኮ በአንድ ዋት ቤት የሚሞላ ስፒከር ነው። ጆሮው ስል ነው፤ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። አንተ ሺህ ዋት ጫንክበት። እስቲ ንገረኝ፣ ቁልፉን ስታዞረው እስከ የት ትሄዳለህ?"

ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ፀጉር ታህል ካዞርኩት ቤቱ ይናወጥ ነበር። ከዚያ በታች ደግሞ ዝግ ነው። ቀስ ብሎ መሰማት የሚባል ነገር በዚያ ቁልፍ ላይ አልነበረም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቀስ አድርጌ ልክፈት ብል እንኳ አልችልም ነበር ማለት ነው።

የዚያን ቀን በባጃጅ ስመለስ ያሰብኩት ስለ ስፒከር አይደለም። ስለ ጓሮው ነው። ለካ ነፋስ አይደለም! እኔ ቤት ስሞላ እሷ ስትወጣ ኖራለች። አንድ አሳብ ያዘኝ፦ ትክክለኛውን አምፕ ባገኝ፣ ለመስቀል ስትመጣ ቁጭ ብላ ብትሰማ፣ ምናልባት እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀር ይሆናል። የሞኝ አሳብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ሌላ ምን አሳብ አለው? እስከ መስቀል አንድ ወር ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

መጀመሪያ ከሱቅ አዲስ አምፕ ተውሼ አመጣሁ። ሲበራ በእንግሊዝኛ ሰላም ይላል፤ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ይጨፍራል። ጠጋኙ ግን አስጠንቅቆኝ ነበር፦ "ሙዚቃ እንዳትከፍትበት። ባዶውን አብራና ጆሮህን ስፒከሩ አፍ ላይ ለጥፍ። አምፕ የሚመረጠው ዝም ሲል ነው።" ለጠፍኩ። ትኩስ ዘይት ላይ ሽንኩርት የጣሉበት ይመስል ሽሽሽ ይላል። በሌላ ስፒከር ምንም አይሰማ ይሆናል፤ የኔዎቹ ግን ጉዱን ሁሉ አወጡበት። በማግስቱ መለስኩት።

በመሃል የጎረቤቴ ሚስት በሬን አንኳኳች። "ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ድምፅዎ ሲጠፋ እኮ ሰጋን" አለችኝ። ለካ በሕይወት መኖሬን የሚያውቁት በስፒከሩ ኖሯል። ሳቅሁና አመሰገንኳት።

ጠጋኙ ገሱባ ከተማ ውስጥ አንድ ጡረተኛ መምህር አሮጌ አሥር ዋት አምፕ እንዳለው ነገረኝ። "ስፒከርህን ይዘህ ሂድ፤ ሳታጋባቸው እንዳትገዛ" አለኝ። አንዱን ስፒከር ሚኒባስ አናት ላይ በገመድ አሳስሬ ሄድኩ። ወይ መንገድ! በየጉድጓዱ ሳጥኑ አናቴ ላይ ጓ ሲል ነፍሴ ትወጣለች። ተሳፋሪው ሁሉ "ሰርግ ነው ለቅሶ?" ይለኛል። "ምርጫ ነው" ብል አንዱ የፖለቲካ መስሎት ፊቱን አዞረ።

መምህሩ አምፑን ዳንቴል አልብሰው ነው ያስቀመጡት። ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ገመዱን አያያዝንና ባዶውን አበራነው። ሁለት ሽበታሞች ወለል ላይ ተንበርክከን፣ እሳቸው በግራ እኔ በቀኝ፣ ጆሯችንን ሳጥኑ ላይ ለጠፍን። በዚህ መሃል ሚስታቸው የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ ጋር ይዘው ገቡ።

"ምን እየሰማችሁ ነው?"

"ምንም" አሉ መምህሩ።

"ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?"

"ምንም እንዳልተሰማ እያረጋገጥን ነው።"

"አብዳችኋል!" አሉና ሳህኑን ስፒከሩ አናት ላይ አስቀምጠው እየሳቁ ተቀመጡ። መምህሩ ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው ከሚስታቸው እጅ ጎደሬ ተቀበሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። አምፑ ግን ድንቅ ነበር፤ ምንም ድምፅ የለውም። ከዚያ የክራር ሙዚቃ ከፈትን፤ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ቢዞርም ሦስታችን እየተጨዋወትን ሰማነው። በዋጋው ሳንከራከር ተስማማን።

ባለቤቴ ለመስቀል መጣች። ቤቱን ጠርጌ፣ ጠርጌ፣ እጄ ተልጦ ነበር። የመስቀል ምግባችንን ሙቹዋ ሠራች፤ ጎረቤት ገባ ወጣ፤ ስለ ልጁ አወራች፤ ሳቀች። እኔ ተስፋዬን እንደ ሕፃን ደብቄ ቀኑን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ስንቀር አምፑን አበራሁት። እሷ ልማዷ ነውና ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ብቻ ቁጭ በይ" አልኳት።

ክራሩ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ያህል። ቆማ ሰማች። ከዚያ ተቀመጠች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። እኔ የምሰማው ክራሩን አልነበረም፤ ፊቷን ነበር የማየው። "ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት እኮ ይሰማል" አለች፣ ዝቅ ብላ። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። እስኪያልቅ ድረስ ከቦታዋ አልተነሳችም። ስንት ዓመት ተጋብተን ኖረን አብረን አንድ ዘፈን ስንሰማ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቂም የለም።

"ጎሽ" አለችኝ፣ "አሁን ገና አወቅህበት። እኔም እዚያ ሆኜ ብቻህን ምን ትሆን ይሆን እል ነበር፤ አሁን ሐሳቤ ያርፋል። ለአንድ ሰው ይሄ ይበቃል።"

"ለሁለትም ይበቃል እኮ" አልኳት። "ቅሪ።"

እጄን ያዘች። እጇ ሞቃት ነበር።

"ይበቃል" አለች፣ "ግን እኔ እዚያ ጸጥታ ለምጃለሁ።"