«እሺ ትላለች»

ልጅ እያለሁ ሥራ ነበረኝ፤ አስተርጓሚ ነበርሁ። ማንም አልቀጠረኝም፣ ማንም ሊያባርረኝም አይችልም ነበር። እናቴ ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አትሰማም፤ ዛሬ እንጅባራ በምንላት በቆሰበር ደግሞ ጤና ጣቢያውም ቀበሌውም ትምህርት ቤቱም የሚናገረው በአማርኛ ነበር። በመካከላቸው እኔ እቆማለሁ። የእኔ ዘመን የአካባቢዬ ልጆች ይህን ሹመት ታውቁታላችሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍ አፉን እያዩ ሲጠብቁት ልጅ ሥልጣን ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሥልጣን እንደሚያባልግ በኋላ ብዙ መጻሕፍት ነግረውኛል፤ እኔ ግን ገና ሳላነባቸው ነው የባለግሁት።

ለትምህርት ስል የምኖረው ከተማው ውስጥ በተከራዩልኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። እናቴ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለው መንደራችን በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክማ ትመጣለች፤ የዳጉሳ ቂጣ፣ ድንች፣ አንዳንዴም ቅቤ። ጋቢዋ ጤዛና የእንጨት ጭስ ይሸታል። ጠረኑን ስለምወደው ብቻችንን ስንሆን እጠጋታለሁ፤ ጓደኞቼ ሲመጡ ደግሞ ፈንጠር እላለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አዲስ ልጅ ከገጠር መጣ። አማርኛው እኔ መጀመሪያ ስመጣ የነበረኝን ይመስል ነበር፤ እየተሰባበረ የሚወጣ። ከተማ የገባሁት ከእሱ ሁለት ዓመት ብቻ ቀድሜ ነው፤ ግን ክፍሉን ሁሉ አስተባብሬ የሳቅሁበት እኔ ነበርሁ። አነጋገሩን እየቀዳሁ ስደግመው ሰው ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። በመጨረሻ ልጁ መምጣቱን ተወ። መምህራችን ጠሩኝና ሁላችንም የምናውቃትን ፍርድ ፈረዱብኝ፦ «ወላጅ አምጣ!»

ያኔ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ጠላ ቤት ሄዶ አጎት ይዋስ ነበር። እኔ መዋስ አላስፈለገኝም። አማርኛ የማትሰማ እውነተኛ እናት ነበረችኝ።

እናቴ ነጭ ማር በትንሽ ቅል ይዛ መጣች። ቢሮው ውስጥ ቆመን መምህሩ በትሕትና ጀመሩ። «እናት፣ ልጅዎ ጭንቅላት አለው። ግን ሰው ያሳቅቃል። በእሱ የተነሣ አንድ ምስኪን ልጅ ትምህርቱን ሊተው ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?»

ቀኝ እግሬን አንሥቼ የግራ ባቴን አከክሁበት። «ከክፍሉ አንደኛ ነው ይላሉ» አልኋት በአዊኛ።

ሳቀች። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ብዙ ተናገረች። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የልጄን መልክ እንጂ ሥራውን አላውቅም። ምስጋናው ልቡን እንዳያሳብጠው አደራ። ሲያጠፋ ይጥሩኝ፤ መንገዱ ግማሽ ቀን ቢሆንም እመጣለሁ። ከሁሉ በላይ ውሸት እንዳይለምድ ይጠብቁልኝ።»

«ምን አለች?» አሉ መምህሩ።

«እሺ ትላለች።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«አዎ፣ እሺ ትላለች።»

ማሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ጉቦ አልቀበልም በላት።» እኔም «ልጅሽ ይብላው፣ ለጥናት ይረዳዋል አሉ» አልኋት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። ማሩን ብቻዬን አንድ ወር በላሁት። በጥፋት የተገኘ ነገር አፍ ላይ ይመርራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ እጅግ ይጣፍጥ ነበር።

የመረረኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ በሳቅሁ ቁጥር መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «ይህን ሳቅ ከእናትህ ነው የወረስኸው» ይሉኝ ነበር። «ልጅሽ ሰው በደለ ሲሏት የምትስቅ እናት በዕድሜዬ አላየሁም!» ክፍሉ ያውካካል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። አልተናገርሁም፤ ባቴን አከክሁ። እናቴ በበኩሏ የመምህሩን ምስጋና ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰችው። የአባቴ ተዝካር ላይ እንኳ ለለቀስተኞች ስትናገረው ሰምቻለሁ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ እናቴ እንጅባራ እኛ ጋ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ፌቨንን አዊኛ አላስተማርኋትም፤ ምክንያቱን ስጠየቅ የምሰጠው ረጅም ማብራሪያ ነበረኝ። ልጅቷ ግን ማብራሪያዬን ሳትጠብቅ ከአያቷ አልጋ ሥር ተቀምጣ ቋንቋውን ለቀመችው።

ባለፈው ወር እናቴ ምግብ እምቢ ስላላት በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ወሰድናት። እኔ ካርድ ላወጣ ወረፋ ስጠብቅ እነሱ ቀድመው ገቡ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ አዊኛ የማይሰማ ወጣት ነው። እናቴ እየተናገረች ነበር።

«በሽታ የለብኝም። ልጄ ደግ ነው፣ አልከፋብኝም። ግን እንደ እንግዳ ሰላም ብሎኝ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። እኔ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ አላፊው ሁሉ ‹እንዴት ዋልሽ› ይላል። ብቻዬን ስሆን እህሉ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ቤቴ መልሱኝ።»

ሐኪሙ ፌቨንን ተመለከታት። «ምን አሉ?»

ልጄ ቀኝ እግሯን አንሥታ የግራ ባቷን አከከች። «ምግብ አይበላልኝም ትላለች።»

ልጅ የወላጁ መስታወት ነው ሲሉ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። የሚሉት ሰዎች መስታወቱ ውስጥ ቁንጅናቸውን ብቻ የሚያዩ ይመስሉኛል። በዚያ በር ክፍተት ያየሁት እግር ግን የእኔ ነበር። ገብቼ ሙሉውን መናገር እችል ነበር፤ ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ። አሁንም ከበሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሙ ክኒን አዘዘ። እናቴ «ምን አለ?» ስትል ፌቨን ፈጠን ብላ «ይህን መድኃኒት ስትጨርሺ ቤትሽ ትገቢያለሽ ብሏል» አለቻት። እናቴ ፊቷ በራ።

ከክሊኒኩ ስንወጣ ልጄን ወደ ጎን ሳብ አደረግኋት።

«ሐኪሙ እንደዚያ አላለም።»

«ሰምተህ ነበር?» ደነገጠች። «አባዬ፣ አንተ እንዳታዝን ብዬ ነው።»

«እማማስ?»

«እሷም እንዳታዝን።»

ልቆጣት ያሰብሁትን ተውሁት። እኔ የዋሸሁት ለራሴ ነበር፤ እሷ ራሷን ረስታ ለሁለታችን ዋሸች። እግሯ የእኔ ቢሆንም ልቧን ያመጣችው ከሌላ ቦታ ነው።

እናቴ ክኒኑን አንድም ቀን ሳታስታጉል ዋጠች። ማሸጊያውን በየማለዳው እያገላበጠች የቀረውን ታያለች። ሊያልቅ ሁለት ሲቀረው አጠገቧ ተቀምጬ በአዊኛ ሁሉን ነገርኋት፦ ሐኪሙ ‹ቤትሽ ትገቢያለሽ› እንዳላለ፣ እሷ ግን በእርግጥ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ፤ ከዚያም መምህሩ ያን ቀን ያሉትን፣ እኔም እሷ ያለችውን እንዴት እንዳስቀረሁት።

ማሸጊያውን አገላበጠች።

«ማሩንስ?»

«እኔ በላሁት።»

«ይሁን፣ ለአንተው ነው ያመጣሁት።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያ የሳቅህበት ልጅስ? ተመለሰ?» አለች።

«አልተመለሰም።»

ድንገት እጇን ወደ አፏ ወሰደች። «ታዲያ እኔ... ሰውየው ይህን እየነገሩኝ ሳቅሁባቸው?»

መናዘዝ ያነጻል ይባላል፤ እኔን ቀሎኛል። የዚያ ቀን ኀፍረት ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይቶ እሷ ላይ ደረሰ። መምህሩ ሞተዋል፤ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው እንኳ አላስቀረሁላትም።

ቅዳሜ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ መንደሯ ወሰድናት። ለገበያ የሚሄደው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ!» እያለ ሲያጭቀን አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጄ፣ እግሬን የት ላድርገው?» አሉ። ረዳቱም «አይጨነቁ አባባ፣ እግርዎን በሚቀጥለው መኪና እናመጣልዎታለን!» መኪናው በሳቅ ተናጋ።

ድሮ ቢሆን እናቴ ሰው ሲስቅ አይታ አብራ ትስቅ ነበር፤ ምን እንደተባለ ሳትጠይቅ። አሁን አልሳቀችም። መጀመሪያ የእኔን ፊት፣ ከዚያ የፌቨንን ፊት አየች። እኔም የሽማግሌውን ጥያቄ፣ የረዳቱን መልስ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምሁላት። እስክጨርስ ሰው ሁሉ ስቆ ወደ ወሬው ተመልሶ ነበር።

ያኔ ብቻዋን ሳቀች፤ በእጇ አፏን ሸፍና።