የግብጦው ቀማሽ

ነሐሴ 14፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ

የቤት ምግብ የፍቅር ሥራ ነው ይላሉ። አይደለም። የቤት ምግብ ፈተና ነው፤ ፈታኞቹም እየበሉ ዝም የሚሉ ዘመዶች ናቸው። በክረምት ደግሞ ይብሳል፤ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ አንድ ቤት ያጉረውና አንዱ የሌላውን አፍ ከማየት በቀር ሥራ አይኖረውም።

የመጣሁት የደጋውን የክረምትና የበዓል ምግብ ቀምሼ ለጋዜጣ ልጽፍ ነው። ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ይርመሰመሳሉ። ወደ ወገዳ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙም ሳልቆይ ጫማዬ ራሰ። እግሬ ሥር ውኃ የሚያንጠባጥብ ማዳበሪያ ከረጢት አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ግብጦ ነው» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ ነርስ ናት።

ግብጦ ለማያውቅ፣ ባቄላ የሚያህል ጥሬ ነው፤ እንዲሁ ቢበሉት እንደ ሬት ይመራል። ተቆልቶ ሰባት ቀን ያህል በወራጅ ውኃ ሲነከር ምሬቱ ይለቅና ተልጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነክቶት፣ ከጠላ ጋር ይበላል። ሰባት ቀን ታጥቦ የሚበላ ነገር የፈለሰፈ ሕዝብ ወይ ሌላ የሚበላ አጥቶ ነው፣ ወይ ጎረቤቱን ሊያስደንቅ።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስት። ተረኛ ነበርኩ፤ ሳልነክረው ቆየሁ። ቀሪውን በየወንዙ እየነከርኩ እስቴ እደርሳለሁ።»

እናቷ በሚያዝያ አርፈዋል። እስቴ ውስጥ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበሩ፤ የነሐሴ 16 ድግስ የእሳቸው ተራ ነው፤ የሚታወቁትም በግብጦ ነው። ጠላውንና ዳቦውን አክስቷ ጨርሳለች፤ ግብጦው የእሷ ድርሻ ነው። በዚህ ድግስ የእናቷን ጽዋ ልትረከብ ነው የምትሄደው።

«ቢመርስ?» አልኳት።

«የዝክር ምግብ መንቀፍ ነውር ነው፤ ምንም አይሉኝም። ዝም ብለው ጽዋውን ለሌላ ያሻግሩታል።»

ሹፌሩ ዘነበ በመስተዋቱ አየን። «ነርሷ፣ መኪናዬን በመስኖ ልታለሚው ነው?»

3 ሰዓት፣ ስሙን ያልጠየቅኩት ወንዝ

አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። ወረድን። ጥሩወርቅ ከረጢቱን በገመድ ከድንጋይ ጋር አስራ ወንዙ ውስጥ ጨመረችው። ጉልበት ያለው አይሱዙ ይገፋል፤ የሌለው ስለ ግብጦ ይመክራል።

«ይኼማ ደርሷል፤ መልኩን አታዪውም?» አለ አንድ ገበሬ።

«መልክ አይበላም። ይቀመስ» አሉ ከቤተ ልሔም ገዳም በኩል የመጡ ቄስ።

እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አንድም ሰው አይቀምስም። የአገሬ ወጥ ቤት ትልቁ ምሥጢር ይኼ ነው፤ ታላላቆቹ ድግሶች የሚሰናዱት የሚሠሩትን ባልቀመሱ እጆች ነው። የእኔ ጉንጭ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ብስኩት ነው፤ የደበቅኩት መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅመሱልኛ!» አለች ጥሩወርቅ።

«ጋሼ ከጾሙ ጋር ተጣልተዋል፤ ለዳኝነት ይመቻሉ» አለ ዘነበ። ቄሱም ሳይቀሩ ሳቁ።

ቀመስኩ። ምላሴ ተኮማተረ። በዚያው ቅጽበት አይሱዙው ወጣ፤ ዘነበ ጥሩንባውን ነፋ፤ ዝናቡም በአንገቴ ገባ። ሰው ሁሉ የወደደውን በጽሑፍ ስቃወም የኖርኩት ሰውዬ «ደርሷል» አልኩ። «ይጣፍጣል» ብዬም ጨመርኩበት።

10 ሰዓት፣ ወገዳ

ሽሮና ስልጆ አዘዝኩ፤ ማካሮኒ መጣ።

«ሽሮማ የእኛ ነው» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት። «እርስዎን የመሰለ እንግዳ በሽሮ ይሸኛል እንዴ?»

ለክብሬ ሲባል የተፈረደብኝን 150 ብር ማካሮኒ እያኘክሁ ሳለ ጥሩወርቅ መጣች። ጾሟን ፈታ ቀምሳዋለች። መዳፏን ዘርግታ ግብጦውን አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ነው ደርሷል ያሉኝ?»

«መኪናው ሊሄድ ነበር…»

«አምኜዎት አጥልዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ወንዝ አለፍን!»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከረጢቱን አንስታ ወደ ወንዝ ስትወርድ ማካሮኒውን ትቼ ተከተልኳት። ገመዱ የሚታሰርበትን ድንጋይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለጽድቅ ሳይሆን ለኀፍረት።

ነሐሴ 16፣ ረፋድ፣ እስቴ

ትናንት ድግሱን ልቀምስ አብሬያት ስጓዝ ሌላ መኪና፣ ሌላ ሹፌር፣ ያው ከረጢት ነበር። ውኃ ባየን ቁጥር አስቆምን፤ እስቴ እስክንገባ ድረስ ተሳፋሪው ሲረግመን መጣ።

ዛሬ ቅዳሴ ወጥቶ ጾሙ ተፈትቷል። ማኅበርተኞቹ በሟቿ ቤት ተሰብስበዋል፤ እኔም በእንግድነት ጥግ ይዣለሁ። ድፎው ተቆረሰ፤ ዶሮው ተበላ፤ ጠላው ተቀዳ። በመጨረሻ ግብጦው በሰፌድ ዞረ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ አንዷ። «ይባርክሽ» አሉ ሌላው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ማንም ሁለተኛ አልዘገነም። ጥሩወርቅ ጆጉን ይዛ ቆማለች፤ ምርቃቱ በበዛ ቁጥር ፊቷ ይገረጣል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ታከለ፣ ጽዋውን አንስተው ማዶ የተቀመጠችውን ሌላ ሴት ያያሉ።

«እንግዳውስ? ምነው ዝም አሉ?» አሉኝ እማማ ዘውዴ፣ የሟቿ ጎረቤት።

እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም፤ ነውሩ አይመለከተኝም።

«ይመራል» አልኩ።

ጥሩወርቅ ወለሉን አየች። ከዚያ እማማ ዘውዴ በእጃቸው የቀረውን ሰፌዱ ላይ መልሰው ጣሉት። «ሬት ነው እንጂ! ተናግሮ የሚያሳርፈን ሰው አጥተን! አንቺ፣ ስንት ቀን ነከርሽው?»

«አምስት።»

«አምስት! እናትሽ ብትሰማ በአርጩሜ ነበር!»

«አቆላሉም ጥሬ ነው» አለች ሌላዋ።

«እኔማ መርፌዋን በአፌ የወጋችኝ መስሎኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ጥሩወርቅ ጆጉን አስቀመጠች። «ታዲያ ማን አሳየኝ? እናቴ ስትነክር እኔ ትምህርት ቤት! እናንተም እየበላችሁ ከመመረቅ በቀር አንድ ቀን ነይና እዪ አላላችሁኝም!»

አያ ታከለ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቁ። «እንዲህ የምትመልስ የእሷው ልጅ ናት። ስሚ፣ ለከርሞ ሐምሌ ሳያልቅ መጥተሽ ከዘውዴ ጋር ትነክሪያለሽ።»

«ፈቃድ ካገኘሁ።»

«ታገኛለሽ!» አሉ እማማ ዘውዴ፣ የጤና ቢሮው አለቃ እሳቸው ይመስል።

ሙሴው ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንስተው ለጥሩወርቅ ሰጧት። ለእንግዳ የሚሰጠው ምርቃት ነው፤ ቁጣው የተቀመጠው ለቤት ልጅ ነበር።

እንግዲህ እናንተ፣ በየሰው ቤት አፋችሁን ጠርጋችሁ «ይጣፍጣል» የምትሉ ሁሉ፣ ተዉት። የሠራችው ሴት ማረሚያ ጊዜ ሳላት፣ ፊት ለፊቷ፣ ይመራል በሏት።