በሳፋ የተለወጠው መዘውር

ስለ ባሌ ስለ ጉልላት የምነግራችሁ እኔ ሚስቱ ስንቅነሽ ነኝ። እሱማ ስለ ራሱ ሁለት ቃል ከተናገረ ያን ቀን ሰመራ ዝናብ ይጥላል።

ቀን ቀን ቢሮ ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ድሮ የውጭ አገር መሐንዲሶች ትተዋቸው የሄዱትን የዓሣ ማጥመጃ መዘውሮች ይሰበስባል፤ ዘንጉ ላይ ታስረው ገመዱን የሚጠቀልሉትን፣ ሲወረወርም በአውራ ጣት ገታ የሚደረጉትን። ከድሬዳዋ ብረት ተራ፣ ከጅቡቲ መስመር ሾፌሮች እጅ፣ የማያመጣበት የለም። ይፈታቸዋል፣ በናፍጣ ያጥባቸዋል፣ የጎደለውን ራሱ ይሠራል። ከተበላሸ የውሃ ቆጣሪ ነሐስ ጥርስ ይሞርዳል፣ ከማንኪያ እጀታ ያበጃል። አዎ፣ ከራሴ ማንኪያ! "እኔንስ እንዲህ ብታየኝ ምን አለበት?" እለዋለሁ። ሳቅ ይልና ሞረዱን ይቀጥላል።

ባለፈው ዓመት ሐጂ ሱሩር፣ አሳይታ ምግብ ቤት ያላቸው የወሎ ሰው፣ የሟች ወንድማቸውን መዘውር አመጡለት። ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ጥርሱ ረግፏል። አራት ወር ሙሉ ደከመበት። "ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ" ብሎ ቃል ሰጣቸው። ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻውን ዘይት ሊቀባው ፈታትቶ ጣሳ ውስጥ ጨመረና ቢሮ ሄደ።

የእኔ ዕቃ ማጠቢያ ሳፋ ደግሞ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። ረፋዱ ላይ "ልዋጭ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አሮጌ ብረት ወስዶ አዲስ ፕላስቲክ የሚሰጠው ካሊድ ነው። ጣሳውን ከፈት ባደርገው በዘይት የተለወሰ ብሎንና ስብርባሪ። አንስቼ ሰጠሁት። ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ተቀበልኩ፣ ደስታዬን ብታዩት!

ጉልላት ለምሳ መጥቶ ጣሳውን ሲያጣ ነገርኩት። አልጮኸም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "ሐጂን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለ ብቻ። ምነው በጮኸብኝ!

ሳፋውን ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ በዚያ ሐሩር ወጣሁ፤ ተከተለኝ። ካሊድን አስፋልቱ ዳር፣ ውድቅዳቂ ብረት የሚጫንበት ግቢ ውስጥ አገኘነው።

"እንካ ሳፋህን! ጣሳዬን መልስ!"

"ውይ እትዬ፣ ገለበጥኩት እኮ" ብሎ ክምሩን አሳየኝ። ክምሩ ቤት ያህላል፤ አይሱዙው ሊጭነው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኧረ ድረሽልኝ እመብርሃን!

ሾፌሩን ለምነን አስቆምነው። ሦስታችን ተንበርክከን ለቀማ ጀመርን፤ ብረቱ በፀሐይ ግሎ ይፋጃል። ጉልላት ከዓይኑ ይልቅ ጣቱን ነው የሚያምነው፤ እየዳበሰ "ይሄ ነው፣ ይሄ አይደለም" ይላል። ኩሽኔታው ተገኘ፣ እጀታው ተገኘ፤ በመጨረሻ ምስር የምታክለዋን ሞላ ካሊድ ከእግሩ ሥር አነሳት። ጉልላት እዚያው መሬት ላይ ገጣጥሞ አሽከረከረው። ዞረ! እልልታዬን አቀለጥኩት። እፎይ!

ቅዳሜ አሳይታ ሄድን። ሐጂ መዘውሩን ጆሯቸው ሥር አዞሩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልሐምዱሊላህ፣ ድምፁ ራሱ ነው" አሉ። እኔ ደግሞ አፌን መች እችላለሁ? "ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ በሳፋ ለውጬው ነበር" ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጉልላት አንገቱን ደፋ።

ሐጂ መዘውሩን ከጆሯቸው አወረዱት።

"ልጄ፣ ማን የሰበረው ይመስልሻል? ወንድሜ ሱቃችንን ዘግቶ ወንዝ ቢውልብኝ ተናድጄ ከድንጋይ ጋር ያጋጨሁት እኔ ነኝ። እሱ በማግሥቱ አውፍ አለኝ። እኔ ግን ራሴን ይቅር ሳልል ሃያ ዓመት ኖርኩ።" መዘውሩን ደግመው አዞሩትና ሳቅ አሉ። "ዛሬ ቀለለኝ።"

ምሳ እንኳ ሳንበላ አዋሽ ዳር ወረድን። ገመዱን መጀመሪያ የወረወሩት ሐጂ ናቸው፤ በዕድሜያቸው መንጠቆ ይዘው አያውቁም ነበር።